ትንሽ ኬዝ ውስጥ የሚጮኽ የግራፊክስ ካርድ ፋን፦ ድምፁን ደረጃ በደረጃ ማብረድ

ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ነው። ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ይገዛል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ያ ጠፍጣፋው ትንሹ ዓይነት። ከዚያ ጂቲኤክስ 1650 ወይም እሱን የመሰለ ሎው ፕሮፋይል (ቁመቱ አጭር) የግራፊክስ ካርድ ይገባበታል። ሥራው ደስ ይላል። ጌም ሲከፈት ወይም ቪዲዮ ሬንደር ሲደረግ ግን ፋኑ መጮኽ ይጀምራል፤ አጠገቡ ተቀምጦ ስልክ ማውራት እንኳ ያስቸግራል። "ፋኑን ልቀይረው?" ይሉኛል።

አብዛኛውን ጊዜ መልሴ "ቆዩ፣ ገና ነው" የሚል ነው። ፋኑ የሚጮኸው ፈጥኖ ስለሚሽከረከር ነው። ፈጥኖ የሚሽከረከረው ካርዱ ስለሞቀ ነው። ካርዱ የሚሞቀው ደግሞ ወይ አቧራ ዘግቶት፣ ወይ ኬዙ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር አጥቶ፣ ወይ ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል እየወሰደ ነው። ፋኑ ራሱ የተበላሸበት ጊዜ አለ፤ እሱን ግን መጨረሻ ላይ ነው የምንጠረጥረው። ስለዚህ ደረጃዎቹን የደረደርኳቸው ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምሬ ነው። ብዙዎቻችሁ 6ኛው ላይ ትጨርሳላችሁ።

አዲስ አበባ ለምትኖሩ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲነጻጸር እፍጋቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ፋን ሙቀት የሚያወጣው በአየር ነውና፣ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት የበለጠ መሽከርከር ይኖርበታል። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ ሰው በቪዲዮ የሚያሳያችሁን የፋን ፍጥነት እንዳለ ገልብጣችሁ አትጠቀሙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለመስቀል ካቻቪቴ፣ አንድ መካከለኛና አንድ ትንሽ
- ለስላሳና ደረቅ ብሩሽ (ያልተነከረ አዲስ የቀለም ብሩሽ ይበቃል)
- በቆርቆሮ የሚሸጥ የታሸገ አየር ወይም ትንሽ ብሎወር
- የጆሮ ማጽጃ ጥጥና ሶፍት
- ገመድ ለመሰብሰብ የላስቲክ የኬብል ማሰሪያ
- ጂፒዩ-ዚ (የካርዱን ሙቀትና ፍጥነት የሚያሳይ ሶፍትዌር) እና ኤምኤስአይ አፍተርበርነር (የካርዱን ኃይልና ፋን የሚያስተካክል)፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ከራሳቸው ገጽ ብቻ አውርዱ፤ በአፍተርበርነር ስም ቫይረስ የሚያወርዱ የሐሰት ገጾች አሉ
- ቢያንስ 90 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል
- 7ኛው ደረጃ ላይ ከደረሳችሁ ብቻ፦ ቴርማል ፔስት (ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው ብረት ሙቀት የሚያሻግር ቅባት)
- 8ኛው ላይ ከደረሳችሁ ብቻ፦ የስፌት ማሽን ዘይት

ፔስቱንና ዘይቱን አስቀድማችሁ አትግዙ። ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

ውስጡን በእጅ ከመንካታችሁ በፊት ሁልጊዜ ኮምፒውተሩን አጥፉና ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ከዚያ ማብሪያውን ለአምስት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ካርዱን ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ንኩ። ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ስታቲክ ሳይሰማን ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል።

ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ሣጥን) በምንም ምክንያት አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ይይዛል። ካርዱ ዋስትናው ካላለቀ ደግሞ 7ኛውንና 8ኛውን ደረጃ ተዉት፤ ብሎኑ ላይ ያለው ስቲከር ከተቀደደ ሻጩ ላይቀበላችሁ ይችላል።

1. የሚጮኸው የትኛው እንደሆነ ለዩ

ትንሽ ኬዝ ውስጥ ሁሉም ነገር ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ ጆሮ በቀላሉ ይሳሳታል። የሲፒዩው፣ የፓወር ሰፕላዩና የካርዱ ፋን በአንድ ስንዝር ውስጥ ናቸው። ክዳኑን ክፈቱ፤ ኮምፒውተሩን አብሩና ጌሙን ወይም ሬንደሩን አስጀምሩ። ወረቀት ጠቅልላችሁ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን ወደ እያንዳንዱ ፋን አስጠጉ። ወረቀቱ ከሚሽከረከረው ነገር በደንብ ይራቅ። ፀጉር፣ ነጠላና የአንገት ሐብል ሰብስቡ።

የድምፁ ዓይነት ራሱ ብዙ ይናገራል፦

- "ሽሽሽ" የሚል የነፋስ ድምፅ፦ ፋኑ ጤነኛ ነው፣ ፍጥነቱ ነው የበዛው። ከ2 እስከ 7 ያሉት ደረጃዎች ለእናንተ ናቸው።
- "ጠጠጠጠ" የሚል ድምፅ፦ ብዙ ጊዜ ገመድ ምላሱን እየነካው ነው። መጀመሪያ ገመዱን አንሱ።
- የሚፈጭ ወይም የሚያጓራ ድምፅ፣ በተለይ ጠዋት ሲበራ ብሶ ሲሞቅ የሚቀንስ፦ የፋኑ ቤሪንግ ደርቋል። 8ኛውን ተመልከቱ።
- የሚንዘር "ዝዝዝ"፦ ክዳኑን መልሳችሁ መዳፋችሁን ላዩ ላይ ጫን አድርጉ። ከጠፋ የሚንቀጠቀጠው ቆርቆሮው ነው። የካርዱን ማሰሪያ ብሎን አጥብቁ፣ ክዳኑ የሚያርፍበት ላይ ስስ ላስቲክ ለጥፉ።
- ቀጭን "ጺይይ"፣ የጌሙ ሜኑ ሲከፈት ቃናውን የሚቀይር፦ ይህ ጭራሽ ፋን አይደለም። የካርዱ ኮይሎች (የተጠቀለለ ሽቦ ያላቸው ክፍሎች) ናቸው። ማጽዳትም ዘይትም አይረዳውም፤ 5ኛው ደረጃ ግን ይቀንሰዋል።

2. ቁጥሮቹን ጻፉ

ክዳኑን መልሱ፤ ጂፒዩ-ዚን ክፈቱና ሴንሰርስ የሚለው ገጽ ላይ ግቡ። ኮምፒውተሩ ያለ ሥራ ለአሥር ደቂቃ ሲቆይ፣ ከዚያም ከባድ ሥራ ላይ ለሃያ ደቂቃ ሲቆይ እነዚህን መዝግቡ፦ የጂፒዩ (የካርዱ ዋና ቺፕ) ሙቀት፣ ካርዱ የሚያሳይ ከሆነ ሆት ስፖት (ቺፑ ላይ ከሁሉም የሚሞቀው ቦታ)፣ የፋን ፍጥነት፣ የሚወስደው ዋት።

ከዚያ ይህንኑ ክዳኑን ከፍታችሁ ድገሙት። ከሁሉም ምርመራ የምወደው ይህን ነው፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፣ መንገዱን ግን ያሳያል። ክዳኑ ሲከፈት ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ከወረደ ወይም ፋኑ በግልጽ ከተረጋጋ፣ ችግሩ የኬዙ አየር ነው፤ 4ኛው ደረጃ ላይ ጊዜ ስጡ። ብዙም ካልተለወጠ ችግሩ ካርዱ ላይ ነው፤ አቧራ፣ ፔስት ወይም ኃይል።

ከዚህ በኋላ ከእያንዳንዱ ደረጃ ቀጥሎ እንደገና ለኩ። ሁሉንም ባንዴ ከለወጣችሁ የቱ እንደሠራ፣ የቱ እንዳበላሸ አታውቁም።

3. አቧራውን አውጡ

ካርዱን ከኬዙ አውጡ። ከጀርባ ያለውን ማሰሪያ ፍቱ፣ ከዚያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ጫን አድርጋችሁ ካርዱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። መቆለፊያዋን ሳይለቁ መጎተት ስሎቱን (ካርዱ የሚሰካበትን) ይሰብራል። ካርዱን በጠርዙ ያዙት፤ ወርቃማዎቹን ጥርሶች በጣት አትንኩ።

አሁን በፋኑ ምላሶች መካከል በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ከላይ የሚታየው ብናኝ ብዙም አይጎዳም። ዋናው ከፋኑ ሥር፣ ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚያወጣው ባለስስ ብረት ክፍል) ላይ ያለው ነው። እዚያ አቧራው ከፀጉርና ከጨርቅ ክር ጋር ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፋል። ፋኑ የቱንም ያህል ቢሽከረከር አየሩ በብረቶቹ መካከል አያልፍም፤ ተመልሶ ጎን ለጎን ይወጣል። ሰፈራችሁ ግንባታ ካለበት ወይም ኬዙ ወለል ላይ ከተቀመጠ በጥቂት ወራት ውስጥ እንዲህ ይሆናል።

የፋኑን ምላስ በጣት ወይም በጆሮ ማጽጃ ዘንግ ያዙት፣ ከዚያ ንፉ። ፋኑ በነፋስ ኃይል እንዲሽከረከር አትፍቀዱ። ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ከሄደ ቤሪንጉ ይጎዳል፤ ሞተሩም ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ካርዱ ሊልክ ይችላል። አነፋፉ በአጭር በአጭሩ ይሁን፤ ከጎን በኩልም ንፉ፣ አቧራው የሚወጣው በገባበት ነውና። የቀረውን በብሩሽ አንሱ። ምላሶቹ ላይ የተጋገረውን በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉ፤ ባንድ ወገን የከበደ ምላስ ፋኑን ያንቀጠቅጠዋል።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት የተለመደ ነው። አልመክርም። ግፊቱ ከመጠን በላይ ነው፤ ከአየሩ ጋርም ውኃና ዘይት ይወጣል። የቤት ቫኪዩም ክሊነርም በቀጥታ ካርዱ ላይ አይሁን፤ አፉ ላይ ስታቲክ ይፈጠራል።

4. አየር መግቢያና መውጫ ስጡት

ትንሽ ኬዝ ውስጥ ካርዱ ራሱ ያወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። በአንዳንዶቹ የካርዱ ፋን ከፓወር ሰፕላዩ ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ነው፤ መካከላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ጣት አይበልጥም። እዚህ ላይ የምታገኟት እያንዳንዷ ሴንቲሜትር ዋጋ አላት።

መጀመሪያ ከውጭ ጀምሩ። ኬዙ ጠረጴዛው ውስጥ ባለ ዝግ ሣጥን ገብቶ ከሆነ አውጡት። ከግድግዳ ቢያንስ አሥር ሴንቲሜትር አርቁት። ላዩ ላይ ዳንቴል ወይም ጨርቅ ካለ አንሱት። ከምንጣፍ ላይም ከፍ አድርጉት። አስተኝታችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነ ካርዱ ያለበት በኩል ቀዳዳ እንዳለውና እንዳልተሸፈነ ተመልከቱ፤ አቁሞ ማስቀመጥ ብቻውን ልዩነት የሚያመጣበት ኬዝ አለ።

ከዚያ ወደ ውስጥ። የሳታ (የዲስክ) ገመዶችን ከካርዱ ፋን ፊት ሰብስባችሁ በማሰሪያ እሰሩ። የማትጠቀሙበት ሲዲ ማጫወቻ ወይም ሃርድ ዲስክ ካለ አውጡት። ከካርዱ ጎን ያለውን ባዶ የስሎት ክዳን ንቀሉ፤ ትኩሱ አየር የሚወጣበት ተጨማሪ መስኮት ይሆናል። ሁለት ስሎት ካላችሁና ካርዱ በሁለቱም የሚሠራ ከሆነ ከፓወር ሰፕላዩ ራቅ ያለውን ምረጡ። አጭሩ ስሎት ግን የካርዱን ፍጥነት ሊቀንስ ይችላልና የማዘርቦርዱን መመሪያ ተመልከቱ።

ቦታ ካለ 80 ወይም 92 ሚሊሜትር ፋን መጨመር ይረዳል፤ 15 ሚሊሜትር ብቻ የሚወፍር ስስ ዓይነትም አለ። ቀስ ብሎ የሚሽከረከር የኬዝ ፋን አየሩን ካንቀሳቀሰ፣ ፈጥኖ የሚጮኸው የካርዱ ፋን ያርፋል። ዴል ብዙ ጊዜ ከተለመደው የተለየ የራሱን የፋን ሶኬት ይጠቀማል። ስለዚህ ሳትገዙ ማዘርቦርዱን አይታችሁ ፒኖቹን ቁጠሩ።

5. ሙቀቱን ከምንጩ ቀንሱ

ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚሠራው ይህ ደረጃ ነው፤ ብዙ ሰው ግን "ኮምፒውተሬ ይዘገይብኛል" ብሎ ይዘለዋል። እስቲ እንየው።

ፍሬም ገድቡ። ስክሪናችሁ 60 ኸርትዝ ከሆነ በሰከንድ 60 ምስል ብቻ ነው የሚያሳየው። ካርዱ 140 ቢሠራ የተቀረው ለዓይናችሁ የሚጨምረው እምብዛም ነው፤ ሙቀት ግን ሆኖ ይወጣል። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ማክስ ፍሬም ሬት የሚለውን 60 ላይ አድርጉት። የኤኤምዲ ካርድ ያላችሁ አድሬናሊን በሚባለው የኤኤምዲ ሶፍትዌር ውስጥ ተመሳሳይ ገደብ ታገኛላችሁ። ቀላል ጌሞች ላይ ፋኑ ወዲያው ሲወርድ ትሰማላችሁ።

የኃይል ገደቡን ዝቅ አድርጉ። አፍተርበርነር ላይ ፓወር ሊሚት የሚለውን መንሸራተቻ ከ100 ወደ 85፣ ከዚያ ወደ 80 በመቶ አውርዱ። የመጨረሻዎቹ ዋቶች ብዙ ሙቀት፣ ትንሽ ፍጥነት ነው የሚሰጡት። ስለዚህ ኃይሉ በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ ፍጥነቱ የሚቀንሰው ከዚያ በጣም ባነሰ ነው። ከስሎቱ ብቻ እስከ 75 ዋት በሚወስዱ አንዳንድ ትንንሽ ካርዶች ላይ ይህ መንሸራተቻ የተቆለፈ ነው። ያኔ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ቮልቴጁን ቀንሱ። ቺፑ የሚያወጣው ሙቀት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። ከ1,000 ወደ 900 ሚሊቮልት ብታወርዱ በተመሳሳይ ፍጥነት ወደ 19 በመቶ ገደማ ትቆጥባላችሁ። አፍተርበርነር ከፍታችሁ ኮንትሮልና ኤፍን አብራችሁ ተጫኑ፤ የቮልቴጅና የፍጥነት መስመር ይመጣል። ካርዱ ከባድ ሥራ ላይ የትኛው ነጥብ ላይ እንደሚቆም እዩ። ለምሳሌ በ1,000 ሚሊቮልት 1,850 ሜጋኸርትዝ ከሆነ፣ መጀመሪያ ኮር ክሎክ (የቺፑ ፍጥነት) የሚለውን 200 ያህል ወደ ታች አውርዱ። ከዚያ የ900 ሚሊቮልቷን ነጥብ ብቻ ወደ 1,750 ከፍ አድርጋችሁ አፕላይ በሉ። ከእሷ በስተቀኝ ያለው መስመር ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ ካርዱ ከዚያ አያልፍም ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ አሠሩት። ጌሙ ከተዘጋ ወይም ስክሪኑ ከጠቆረ ቮልቴጁን በ25 ጨምራችሁ እንደገና ሞክሩ። ቮልቴጅ መቀነስ ካርድ አያቃጥልም፤ የሚከፋው ነገር ሥራው መቋረጡ ነው። ቢሆንም ስትሞክሩ ያልተቀመጠ ፋይል ክፍት አይሁን።

ኮምፒውተሩ ሲበራ ወዲያው እንዲጫን የምታደርጉት ከተረጋጋ በኋላ ብቻ ይሁን።

6. የፋኑን ከርቭ አስተካክሉ

አሁን ሙቀቱ ስለቀነሰ ፋኑን ማረጋጋት ይቻላል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፦ ሙቀቱ ሳይቀንስ ፋኑን ብቻ ዝቅ ማድረግ ካርዱን ያፍነዋል።

አፍተርበርነር ሴቲንግስ ውስጥ ፋን የሚለውን ገጽ ክፈቱና በራሳችሁ ከርቭ (በየሙቀቱ ፋኑ በስንት በመቶ እንደሚዞር የሚወስን መስመር) እንዲሠራ የሚፈቅደውን ምልክት አድርጉ። ለመነሻ ይህን ተጠቀሙ፦

- እስከ 50 ዲግሪ፦ 30 በመቶ
- 60 ዲግሪ፦ 40 በመቶ
- 70 ዲግሪ፦ 50 በመቶ
- 78 ዲግሪ፦ 65 በመቶ
- 85 ዲግሪ፦ 100 በመቶ

የመጨረሻዋን ነጥብ አትንኳት፤ መከላከያችሁ እሷ ናት። መካከለኞቹን ግን እንደ ጆሯችሁ አስተካክሉ። ፋን ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ ድምፁ በ5 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ከ2,000 ወደ 1,600 ዙር በደቂቃ ማውረድ ጆሮ በደንብ የሚለየው ነገር ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ሂስተሪሲስ የሚል ሣጥን አለ። 4 ወይም 5 ዲግሪ ስጡት። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ወጣ ገባ ባለ ቁጥር ፋኑ ከፍ ዝቅ እንዳይል ያደርገዋል። ሰውን የሚያሰለቸው ከድምፁ መጠን ይልቅ መለዋወጡ ነው፤ ወጥ የሆነን ድምፅ ጆሮ ቶሎ ይረሳዋል። በዚሁ ምክንያት፣ ካርዱ ሲቀዘቅዝ ፋኑን ጨርሶ የሚያቆም ዓይነት ከሆነና በየደቂቃው "ቩም" እያለ የሚነሣ ከሆነ፣ ሁልጊዜ በ30 በመቶ እንዲዞር ማድረጉ ይሻላል።

የኤኤምዲ ካርድ ላይ ይህንኑ አድሬናሊን ውስጥ፣ ፐርፎርማንስ ሥር ቱኒንግ የሚለው ላይ ታገኙታላችሁ። ሁለቱን ሶፍትዌሮች ባንድ ላይ አታሠሩ፤ አንዱ የሌላውን ይሽራል።

7. ቴርማል ፔስቱን መቀየር

እስከዚህ ድረስ ሠርታችሁ ካርዱ አሁንም ከ80 ዲግሪ ካልወረደ፣ ወይም ሆት ስፖቱ ከዋናው ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ከበለጠ፣ ፔስቱ ደርቋል ብላችሁ ጠርጥሩ። ብዙ ዓመት ያገለገለ ካርድ ላይ የሚጠበቅ ነው።

ካርዱን ከማውጣታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ አሠሩት፤ ፔስቱ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ከጀርባ በቺፑ ዙሪያ ያሉትን አራት ብሎኖች በመስቀል ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱን ትንሽ ትንሽ እያላሉ ፍቱ። አንዱን ጨርሶ መፍታት ቺፑን ባንድ ጠርዝ ያስጨንቀዋል። ሂትሲንኩን በግራ ቀኝ በቀስታ አሽከርክሩና አንሱ፤ በካቻቪቴ አትፈልቅቁ። ወዲያው ወደ ላይ አትሳቡ፣ የፋኑ ገመድ ከካርዱ ጋር ተያይዟል። መጀመሪያ እሱን ንቀሉ።

ሁለቱንም ገጽ በአልኮልና በሶፍት እስኪያበራ አጽዱ። ቺፑ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ፔስት አስቀምጡና ስስ አድርጋችሁ ሙሉውን ሸፍኑ። ሚሞሪዎቹ ላይ ያለው ለስላሳ ፓድ ካልተቀደደ እዚያው ተዉት። ከተቀደደ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ይተካ፤ በፓድ ፋንታ ፔስት አይሞላም፣ ክፍተቱን አይደፍንም። ስትገጥሙም በመስቀል፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አጥብቁ። የፋኑን ገመድ መሰካት እንዳትረሱ።

8. ፋኑ ራሱ ሲያረጅ

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ፋኑን በጣት ግፉት። ጤነኛ ከሆነ በነጻነት ዞሮ ቀስ ብሎ ይቆማል። ቶሎ ካቆመ፣ ከሻከረ ወይም ምላሱ ወደ ጎን ከተወዛወዘ ቤሪንጉ አልቋል።

ፋኑን ፈታችሁ ከጀርባው ያለውን ስቲከር ግማሹን ላጡ። ሥሩ ቀዳዳ ወይም ትንሽ የላስቲክ ክዳን ካለ፣ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት አድርጉ። አንድ ብቻ። በእጅ አዟዙሩት፣ የተረፈውን ጥረጉ፣ ስቲከሩን መልሱ። ዘይት የነካው ገጽ ላይ ስቲከር ስለማይይዝ በአልኮል አጽዱ። ቀዳዳ ከሌለው አትብሱት። የምግብ ዘይት ይጋገራል፤ ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ደግሞ የቀረውን ቅባት አጥቦ ይተናል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ድምፁ ብሶ ይመለሳል። ምላሱ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ዘይት አያድነውም፣ ይቀየር።

ለመቀየር የካርዱ ስም ብቻ አይበቃም፤ አንድ ስም ያላቸው ካርዶች የተለያየ ፋን ይዘው ይወጣሉ። ከፋኑ ጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥር፣ ቮልትና አምፒር ፎቶ አንሱ። የምላሱን ዲያሜትርና የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት በሚሊሜትር ለኩ። ሶኬቱ ባለሁለት ነው ባለአራት ፒን? ባለሁለት ፒን ፋን ፍጥነቱን ለካርዱ አያሳውቅም፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ የዙሩን ቁጥር ባያሳይ አትደንግጡ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ፋኑን 30 በመቶ ላይ አስሮ መተው። ቀላል ሥራ ላይ ችግር የለውም፤ ከባድ ሲመጣ ካርዱ ሞቆ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፣ ጌሙ ይቆራረጣል። ሰውየውም ካርዱ ተበላሸ ብሎ ይሸጠዋል።

ክዳኑን ከፍቶ መጠቀም። ለምርመራ ጥሩ ነው፣ ለዘወትር ግን አቧራውን ታፋጥኑታላችሁ፤ ድምፁም የሚያፍነው ነገር የለም። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ አደጋ ነው።

ሁለት ፋን አስገብቶ ሁለቱንም ወደ ውጭ ማስነፋት። ትንሽ ኬዝ አየር የሚስብበት ከሌለው በየስንጥቁ አቧራ ይስባል። አንዱ ያስገባ፣ አንዱ ያውጣ። ፋኑ ጎን ላይ ያለችው የቀስት ምልክት አየሩ የሚሄድበትን ታሳያለች፤ ምልክት ከሌለው አየሩ የሚወጣው የሞተሩ ድጋፍ ባለበት ወገን ነው።

ሙቀቱን 50 ዲግሪ ላይ ለማድረግ መታገል። ከባድ ሥራ ላይ 70 እና 75 ዲግሪ ለግራፊክስ ካርድ ጤነኛ ነው። ከዚያ በታች ለማውረድ የምትጨምሩት ፍጥነት ጆሯችሁን ከማስቸገር ውጭ የሚጠቅማችሁ ነገር እምብዛም ነው።